ከጽዳት በፊት፦ በፓኬጅ ማከማቻ ውስጥ ጥቅም ላይ የማይውለውን ይዘት ለይቶ የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

እኔ በምሠራበት፣ ሐዋሳ በሚገኝ አነስተኛ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ፣ የፓኬጅ ማከማቻችን (የፕሮግራም ክፍሎች እንደ ፓኬጅ የሚቀመጡበትና ወደየኮምፒውተሩ የሚወርዱበት ሰርቨር) ዲስክ ሊሞላ ሲቃረብ መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ «ያረጀውን እናጥፋ» የሚል ነበር፤ እኛም አጠፋን። ከጠፉት መካከል ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀው አንድ የሪፖርት ማተሚያ ፓኬጅ ይገኝበት ነበር። ሐምሌ ገብቶ የበጀት ዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ፣ የአንድ ደንበኛችን የሂሳብ ሠራተኞች ፕሮግራሙን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ለማስጫን ሲሞክሩ ጭነቱ ከመካከል ተቋረጠ፤ የጠፋውን ፓኬጅ ያገኘነውም በአጋጣሚ ከአንድ ባልደረባችን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ጽዳት በፊት የምንከተለውን አሠራር ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

አሠራሩ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ልዩነት ላይ ነው፦ ከሰርቨሩ ያልወረደ ፓኬጅና የማያስፈልግ ፓኬጅ አንድ አይደሉም። ሰርቨሩ የሚያውቀው ከእሱ የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ወርዶ በገንቢው ኮምፒውተር ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ የተቀመጠ ፓኬጅ በየቀኑ ሲሠራበት ቢውል እንኳ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ጠያቂ ያጣ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ማስረጃው ከሁለት ወገን ይሰበሰባል፤ አንደኛው ሰጪው ሰርቨር፣ ሁለተኛው ደግሞ ተቀባዮቹ ፕሮጀክቶችና ማሽኖች ናቸው።

ደረጃ 1፦ ይዘቱን በምንጩ መለየት

በአንድ ማከማቻ ሥር ያለው ይዘት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የፓኬጅ ማከማቻ ሶፍትዌሮች በሆኑት በኔክሰስም ሆነ በአርቲፋክተሪ ሦስት ዋና ዋና ዓይነት ማከማቻዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ራሳችን የሠራናቸውን ፓኬጆች የምናስቀምጥበት ነው። ሁለተኛው እንደ ሜቨን ሴንትራል (የጃቫ) ወይም ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት) ካሉ የውጭ ማከማቻዎች በጥያቄ ጊዜ እየተቀዳ የሚቀመጥበት ነው። ሦስተኛው እነዚህን በአንድ አድራሻ ሥር አሰባስቦ የሚያቀርብ እንጂ የራሱ ይዘት የሌለው ነው። ስህተት የሚያስከትለው ዋጋ በእነዚህ መካከል እጅግ ይለያያል፤ ከውጭ የተቀዳው ቢጠፋ እንደገና ሊቀዳ ይችላል፣ ራሳችን የሠራነው ግን ምንጭ ኮዱና የቢልድ አካባቢው (ፕሮግራሙ ከኮዱ የሚገነባበት ሁኔታ) እንደነበረ ካልተገኘ በስተቀር ተመልሶ አይመጣም።

ከውጭ የተቀዳው ይመለሳል የሚለውም ቢሆን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። መስመር በተቋረጠበት የሥራ ቀን በማከማቻው ውስጥ የነበረ ቅጂ ወርቅ ነው። ምንጩ ራሱ ሊነጥፍም ይችላል፤ በመጋቢት 2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 11 መስመር ብቻ ያለው «ሌፍትፓድ» የተባለ ትንሽ ፓኬጅ በባለቤቱ ከኤንፒኤም ሲነሳ በእሱ ላይ በተዘዋዋሪ የተደገፉ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች ቢልዳቸው ተሰናክሏል። ኤንፒኤም ከዚያ በኋላ ፓኬጅን የማንሳት መብት ላይ ገደብ ጥሏል፤ ሁሉም የውጭ ማከማቻ ግን እንዲህ ዓይነት ገደብ አለው ብሎ መተማመን አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ክብደቱ የት እንዳለ መመዘን

ሁሉንም ፓኬጅ መመርመር ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ በቅድሚያ የእያንዳንዱን ማከማቻ መጠን ይለኩና ከትልቁ ይጀምሩ። ብዙውን ጊዜ ዲስኩን የሚሞሉት በየቢልዱ አዲስ ቅጂ የሚጨምሩት የሜቨን ስናፕሾቶች (ገና ያላለቁ የሙከራ ስሪቶች) እና አውቶማቲክ ቢልድ የሚያመርታቸው የዶከር ምስሎች (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገባቸው) ናቸው። ጥቂት ኪሎባይት የሚመዝን አሮጌ ፓኬጅ ላይ ክርክር መክፈት በእኔ እምነት የማይገባ ድካም ነው፤ ይቀመጥ።

መጠኑን ሲያነቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አርቲፋክተሪ ፋይሎችን የሚያስቀምጠው በቸክሰማቸው (ከይዘታቸው በሚሰላ መለያ) ስለሆነ ይዘቱ አንድ የሆነ ፋይል በአሥር ቦታ ቢታይም በዲስክ ላይ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዶከር ምስሎችም ሌየሮቻቸውን (የተደራረቡ የይዘት ክፍሎቻቸውን) ይጋራሉ። በመሆኑም እያንዳንዳቸው አንድ ጊጋባይት የሚመዝኑ 40 ምስሎችን ማጥፋት 40 ጊጋባይት ያስለቅቃል ብሎ ለአለቃ ቃል መግባት አያዋጣም።

ደረጃ 3፦ የምስክሩን እማኝነት መፈተሽ

አንድ ፓኬጅ መቼ እንደወረደ የሚናገሩ ሦስት ምስክሮች አሉ፤ የማከማቻው ሶፍትዌር የሚይዘው መዝገብ፣ ከፊቱ የተቀመጠው ዌብ ሰርቨር ሎግ (የመጡለት ጥያቄዎች መዝገብ) እና የፋይል ሥርዓቱ የሚይዘው የመጨረሻ ንባብ ጊዜ።

ከሦስቱ ደካማው የመጨረሻው ነው። ሊኑክስ ከከርነል 2.6.30 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ፣ በነባሪነት የሚሠራው «ሬልአታይም» በተባለው አሠራር ነው፤ በዚህ አሠራር የንባብ ጊዜው የሚታደሰው የተመዘገበው ጊዜ ፋይሉ ከተለወጠበት ጊዜ የቀደመ ሲሆን ወይም 24 ሰዓት ሲያልፈው ብቻ ነው። ዲስኩ «ኖአታይም» በተባለው ምርጫ ከተጫነ ደግሞ ምንም አይመዘገብም። በተቃራኒው ባክአፕ የሚወስድ ወይም ቫይረስ የሚፈትሽ ፕሮግራም ፋይሎቹን ሁሉ አንብቦ የሁሉንም ጊዜ በአንድ ሌሊት ሊያድሰው ይችላል። ስለዚህ ይህን ምስክር ሌላ በጠፋ ጊዜ ብቻ ይጥሩት።

የዌብ ሰርቨር ሎግ የተሻለ ነው፤ ችግሩ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ደቢያንና ኡቡንቱ በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ኤንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር ሎግ በነባሪ ቅንብሩ በየቀኑ እየተቀየረ የሚቆየው 14 ቅጂ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጽዳት ሊደረግ እንደሚችል በታሰበበት ዕለት፣ ሌላ ምንም ከመደረጉ በፊት፣ የሎጉ ማቆያ ጊዜ ይራዘም ወይም ሎጉ በየቀኑ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ሎጉን ሲቆጥሩ 200 እና 206 የሚል መልስ ያገኙ ጥያቄዎች በትክክል መውረድን ያሳያሉ። 304 የሚለው መልስ ጠያቂው ቅጂው እንዳለውና እንዳልተለወጠ ማረጋገጡን ስለሚያሳይ እሱም አገልግሎት ነውና ይቆጠር። 404 («አልተገኘም» የሚለው መልስ) ግን በዚህ ደረጃ አይቆጠርም፤ በመጨረሻው ደረጃ እንፈልገዋለን።

የማከማቻው ሶፍትዌር የራሱ መዝገብ ከሁሉም ይሻላል፤ ኔክሰስም አርቲፋክተሪም እያንዳንዱ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የወረደበትን ጊዜ ይይዛሉ። ሆኖም ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቁ። የመጀመሪያው መዝገቡ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚል ነው፤ ይዘቱ ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ በተዛወረበት ጊዜ የማውረድ ታሪኩ አብሮ ላይመጣ ይችላል፣ ያ ከሆነ ደግሞ የአምስት ዓመት ፓኬጅ ሁሉ ጨርሶ ያልተነካ መስሎ ይታያል። ሁለተኛው ማን አወረደው የሚል ነው፤ ይዘቱን ወደ ሁለተኛ ሰርቨር የሚገለብጥ ወይም የደኅንነት ክፍተት የሚፈትሽ ፕሮግራም ሁሉንም ካወረደ የማይፈለገው ሁሉ ተፈላጊ ይመስላል። የእነዚህን ፕሮግራሞች አይፒ አድራሻና የተጠቃሚ ስም አስቀድመው ይመዝግቡና ከሎጉ ቆጠራ ያስወጡ።

ደረጃ 4፦ የጊዜ ገደቡን በአገራችን የሥራ ዑደት መወሰን

በብዙ መመሪያዎች የሚመከረው ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር ለእኛ አይሠራም። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የዓመት መዝጊያ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ፓኬጅ በሰኔና በሐምሌ ተጠርቶ ቀሪውን ዓመት ይተኛል። የትምህርት ተቋማትን የሚያገለግል የተማሪ ምዝገባ ፕሮግራምም እንዲሁ በዓመቱ መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ይነቃል። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን መሆኗን የሚያሰላው የቀን መቁጠሪያ ፓኬጅ ስህተቱ የሚታወቀውና ማስተካከያው የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ነው። ስለዚህ ገደቡ ከአንድ ሙሉ ዓመት ያላነሰ ይሁን፤ እኛ ሙሉ ዓመቱ ላይ ሁለት ወር ጨምረን 14 ወር እንይዛለን። ለስናፕሾቶች ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ደንበኛ ዘንድ ያልደረሰ የሙከራ ቢልድ ከሆነ አንድ ወር ይበቃዋል።

ገደቡን ወደ ማሽኑ ቋንቋ ሲቀይሩ የቀን አቆጣጠሩና የሰዓት አቆጣጠሩ ሁለቱም ያሳስታሉ። በቡድኑ ስብሰባ «ከመስከረም 1 ቀን 2017 ወዲህ ያልወረደ» ተብሎ የተወሰነው በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። የሰርቨሮች ሎግ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ፣ እኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንለው ቢልድ በሎጉ ላይ የሚገኘው በቀደመው ቀን 23 ሰዓት ላይ ነው። አርቲፋክተሪ ደግሞ ጊዜውን የሚቀበለው ከ1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሚሊሰከንድ ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት 1726012800000 ይሆናል። አንድ ሰው ሦስቱን የመጨረሻ ዜሮዎች ረስቶ በሰከንድ ካስገባው ሰርቨሩ ጥር 1970 ላይ ያለ ቀን አድርጎ ይረዳውና ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፤ ባዶ ዝርዝር ያየ ሰውም ሁሉም ይዘት በሥራ ላይ ነው ብሎ ይደመድማል።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያውን ዝርዝር ማውጣት

በአርቲፋክተሪ ከተወሰነ ቀን ወዲህ ያልወረዱትን የሚዘረዝር የኤፒአይ ጥያቄ (ከገጹ ሳይሆን ከፕሮግራም የሚላክ) አለ፤ ከወረደበት ቀን በተጨማሪ የተፈጠረበትንም ቀን መወሰን ያስችላል። ሁለቱም ቀኖች መሰጠታቸው አስፈላጊ ነው፤ ትናንት የገባ ፓኬጅ ገና አልወረደም ተብሎ ሊጠረጠር አይገባም። በማከማቻው የራሱ የጥያቄ ቋንቋ ለሚጽፉ ደግሞ፣ አንድም ጊዜ ያልወረደ ፋይል የማውረድ ቀን ስለሌለው «ከዚህ ቀን በፊት የወረደ» በሚል መስፈርት ውስጥ አይገባም፤ እነዚህን ለብቻቸው በሌላ ጥያቄ ያውጡ። ከልምዴ እንዳየሁት ትልቁ የዲስክ ክብደት የሚገኘው በእነዚህ ላይ ነው።

በኔክሰስ የጽዳት ፖሊሲ ሲዘጋጅ ከዕድሜና ከመጨረሻው የማውረድ ጊዜ መካከል መምረጥ ወይም ሁለቱን ማጣመር ይቻላል፤ ከተጣመሩ ሁለቱንም የሚያሟላው ብቻ ነው የሚመረጠው። ፖሊሲውን ከማከማቻው ጋር ሳያያይዙ በቅድመ እይታው ብቻ ይመልከቱት፤ ከተያያዘ በኋላ በቀጠሮው ሰዓት ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሥራውን ይጀምራል።

የደቢያንና የኡቡንቱ ማከማቻ አደረጃጀት የተለየ ነው። ፓኬጆቹ ራሳቸው «ፑል» በተባለው ማኅደር ይቀመጣሉ፤ የትኛው ስርጭት የትኛውን ፓኬጅ እንደሚያቀርብ የሚናገሩት ማውጫዎች ደግሞ «ዲስትስ» በተባለው ውስጥ ይገኛሉ። በየትኛውም ማውጫ ያልተጠቀሰ የፑል ፋይል ማንም በተለመደው መንገድ ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ ከሁሉም የበለጠ አስተማማኝ የጽዳት ዕጩ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ማከማቻ ከሚያስተዳድሩ መሣሪያዎች አንዱ የሆነው «ሬፕሬፕሮ» እነዚህን የሚዘረዝር ትእዛዝ አለው፤ በስሙ የሚቀራረብ የሚያጠፋ ትእዛዝም ስላለው ከመጫንዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሌላው መሣሪያ «አፕትሊ» ደግሞ የመረጃ ቋቱን የሚያጸዳው ትእዛዝ ምንም ሳይነካ ምን ሊያጠፋ እንደነበር ብቻ የሚያሳይ የሙከራ ምርጫ አለው፤ በአፕትሊ አንድ አሮጌ ስናፕሾት (እዚህ በአንድ ወቅት የተያዘ የማከማቻው ይዘት ዝርዝር ማለት ነው) እስካለ ድረስ በውስጡ ያሉት ፓኬጆች ሁሉ እንደተጠቀሱ ይቆጠራሉ።

በዶከር ማከማቻ ታግ (የምስሉ መለያ ስም) ወደ አዲስ ምስል ሲዛወር የቀድሞው ምስል ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። የዶከር ሬጂስትሪ (የዶከር ማከማቻው ሶፍትዌር) ቆሻሻ ሰብሳቢ ትእዛዙም የሙከራ ምርጫ አለው፤ በእውነት በሚሠራበት ጊዜ ግን ሬጂስትሪው የሚነበብ ብቻ እንጂ አዲስ ይዘት የማይቀበል ሆኖ መቆየት አለበት፣ አለበለዚያ በዚያች ቅጽበት ወደ እሱ የሚላክ ምስል ሌየሮቹ ሊጠፉበት ይችላሉ።

ደረጃ 6፦ ዝርዝሩን ከተቀባዮቹ ወገን ማመሳከር

እስካሁን የተገኘው የጥርጣሬ ዝርዝር ነው። ጊዜዎን ሊያጠፉበት የሚገባው ይህኛው ደረጃ ነው፤ የእኛም የሐምሌ ጥፋት የመጣው ይህን በመዝለላችን ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝሩን ከፋይል ወደ ፓኬጅ ያሰባስቡ። የአንድ የጃቫ ፓኬጅ ዋና ፋይል ትናንት ወርዶ ሳለ አጠገቡ ያለው የፊርማ ፋይል ለዓመታት ላይነካ ይችላል፤ ለብቻው ከጠፋ ግን ፊርማን የሚያረጋግጥ ቢልድ ይወድቃል። ወላጅ የሆነ የሜቨን ፖም (የፓኬጅ መግለጫ) ፋይልም ጥቂት መስመር ብቻ ያለው ተራ ጽሑፍ ቢመስልም እሱን የሚጠቅሱ ልጆች ሁሉ ያለ እሱ አይሠሩም።

ቀጥሎ የፕሮጀክቶቹን የጥገኝነት ፋይሎች፣ ማለትም የሚፈልጓቸውን ፓኬጆች የሚዘረዝሩትን፣ ይሰብስቡ። የኮዱን ዋና ቅርንጫፍ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ለደንበኛ የተሰጠ እያንዳንዱ ስሪት የወጣበት ታግ ተከፍቶ ስሪቶችን የሚቆልፉት ፋይሎች ይነበቡ፣ በቀጥታ የተጠሩትም ሆኑ በእነሱ በኩል የሚመጡት ፓኬጆች ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከሩ። ለደቢያን ፓኬጆች ደግሞ የተገላቢጦሽ ጥገኝነት ይጠየቅ፤ ማለትም «ይህ ፓኬጅ ምን ይፈልጋል» ሳይሆን «ይህን ፓኬጅ ማን ይፈልጋል» የሚለው።

ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ያሉ ማሽኖች ይጠየቁ። አንድ ሰርቨር ከአንድ ዓመት በፊት ያወረደውን የዶከር ምስል እስከ ዛሬ እያስኬደ ሊሆን ይችላል፤ ማከማቻውን ዳግመኛ የሚጠይቀው ሰርቨሩ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካ፣ ማለትም ምስሉ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚሠሩት ምስሎችና የተጫኑት ፓኬጆች ዝርዝር ይውጣ።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጥ አንድ መንገድ በእኛ አካባቢ አለ፤ ፍላሽ ዲስክ። ወደ ይርጋለም ወይም ወደ ዲላ የሚሄድ ቴክኒሻን ፓኬጆቹን ቢሮ ሳለ በፍላሽ ይጭንና በቅርንጫፎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ኢንተርኔት ይጭናቸዋል፤ ሰርቨሩ ከአንድ ዓመት በፊት የተደረገ አንድ ማውረድ ብቻ ሲያይ ፓኬጁ በሃያ ኮምፒውተር ላይ ሊኖር ይችላል። ይህን የሚያውቀው ሎግ አይደለም፤ ቴክኒሻኑን ቡና ጋብዞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የፈቃድ ግዴታ ይታይ። ጂፒኤል ስሪት 2 በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ የተሰጠ ሶፍትዌር ለደንበኛ በሁለትዮሽ መልክ (ያለ ምንጭ ኮዱ፣ ለማሽን ብቻ ተዘጋጅቶ) ሲሰራጭ ምንጭ ኮዱን በጽሑፍ ቃል በመግባት ለማቅረብ የመረጠ አከፋፋይ፣ ያ ቃል ቢያንስ ለሦስት ዓመት የጸና መሆን አለበት። ስለዚህ ማንም የማያወርዳቸው የምንጭ ፓኬጆች ጊዜው እስኪያልፍ ከጽዳቱ ይውጡ።

ደረጃ 7፦ ለይቶ ማቆየትና 404ን መጠበቅ

ከማመሳከሩ የተረፉት ዕጩዎች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ከስማቸው፣ ከስሪታቸው፣ ከቸክሰማቸው፣ ከመጠናቸው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከወረዱበት ቀንና ከባለቤታቸው ጋር ይጻፉ፤ ባለቤቱም በጽሑፍ እንዲፈርም ይጠየቅ። ባለቤት የጠፋለት ፓኬጅ ካለ ባለቤት እስኪገኝለት አይነካ።

ከፊርማው በኋላ ዕጩዎቹ ወዲያው አይጠፉም፤ ማንም እንዳያነባቸው ይዘጋሉ። ይህን ሲያደርጉ ብዙዎች የማያስቡት አደጋ አለ። ተጠቃሚዎች የሚጠይቁት በደረጃ 1 ሦስተኛ የተባለውን ሰብሳቢ አድራሻ ከሆነና የራሳችን ፓኬጅ ከተሰወረ፣ ሰብሳቢው ተመሳሳይ ስም ያለውን ፓኬጅ ከውጭው ማከማቻ ፈልጎ ሊያቀርብ ይችላል። የውስጥ ፓኬጅ ስሞችን በውጭ ማከማቻዎች ላይ በማስመዝገብ እንዴት ጥቃት ማድረስ እንደሚቻል በየካቲት 2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በኤንፒኤም፣ በፓይተኑ ማከማቻ በፓይፓይና በሩቢው ማከማቻ በሩቢጀምስ ላይ አሳይቷል። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት የውስጥ ስሞቻችን ወደ ውጭ እንዳይጠየቁ የሚከለክል ደንብ በውጭ ማከማቻው ላይ ያስቀምጡ፤ ደንቡ ከጽዳቱም በኋላ በቦታው ይቆይ።

በመዘጋቱ ጊዜ ለደንበኛ የተሰጠ እያንዳንዱ ስሪት ካሹ ባዶ በሆነ ማሽን ላይ ከመጀመሪያው ቢልድ ይደረግ፤ ካሹ ባዶ ካልሆነ ሙከራው ምንም አያረጋግጥም። ከዚህ ጎን ለጎን በሎጉ ላይ ለተዘጉት ስሞች የመጡ 404 እና 403 («ተከልክሏል») መልሶች በየዕለቱ ይታዩ፤ እያንዳንዱ ማን እንደጠየቀ ተጣርቶ ትክክለኛ ተጠቃሚ ከሆነ ፓኬጁ ከዝርዝሩ ይውጣ። እኛ ለይቶ ማቆያውን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት እናቆያለን፤ ሐምሌ በመካከል እንዲወድቅም ሆን ብለን ሰኔ አጋማሽ ላይ እንጀምራለን።

ዝርዝሩ ጸድቆ ሲያበቃ፣ ራሳችን የሠራናቸው ዕጩዎች ወደ ውጫዊ ዲስክ ተገልብጠው ቸክሰማቸው ከሰንጠረዡ ጋር ይመሳከርና ሥራው ለሚያጠፋው ሰው ይተላለፍ። ለዚያ ሰው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው፣ ካጠፋ በኋላ ዲስኩ ወዲያው ባይቀንስ ተጨማሪ ይዘት ወደ ማጥፋት እንዳይሄድ ነው፤ ኔክሰስ ቦታውን የሚለቀው ማከማቻውን የሚያጠባብቀው ሌላ ተግባር ሲካሄድ ነው፣ በአርቲፋክተሪም የጠፋው ይዘት በነባሪ ቅንብሩ ለ14 ቀናት በቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ይቆያል።